ሽያጩ በዛ ወይስ ብሩ በዛ?

በአገራችን ገበያ የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ገበያን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ገበያን መቍጠር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ነገሩ ደረቅ መስሎ እንዳይሰለቻችሁ ከአንድ ትንሽ ሱቅ እንጀምር።

ታኅሣሥ አልቆ ጥር በገባ ሰሞን በይፋት ቈላ ወደምትገኘው ወደ ማጀቴ ለጕዳይ ሄጄ ነበር። ማጀቴ አዲስ አበባን ከደሴ ከሚያገናኘው ዋና መንገድ ገባ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የቈላው ማሽላና ማሾ ከደጋው ገብስና ባቄላ ጋር የሚገናኝባት አገር ስለ ሆነች፥ የገበያ ቀን ሲሆን መንገዱ በአህያና በሰው ይሞላል። እኔም ጕዳዬን ከፈጸምሁ በኋላ ከአንድ የቆዩ ወዳጄ ሱቅ ገብቼ ቁጭ አልሁ። ባለሱቁ ሳሙና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ፓስታ፣ ደብተርና የባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ የሚውሉትም ከአንዲት ጠባብ ክፍል ነው።

በዚያን ሰዓት የእኅታቸው ልጅ ከጐናቸው ቆሞ ደብተር ይደምር ነበር። ወጣቱ ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት በጀማሪ ባለሙያነት ከተቀጠረ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ድምሩን እንደ ጨረሰ እስክሪፕቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለና እንዲህ አለ፤

«አጎቴ፤ እኔ ነግሬዎት ነበር። የአምናው ታኅሣሥ ሽያጭ 180,000 ብር ነበር፤ የዘንድሮው 216,000 ብር ደርሷል። ከመቶ 20 አደገ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ንግድ ይዞ በአንዲት ክፍል መታፈን ለምንድን ነው? ብድሩን ይውሰዱና ጐን ያለውን ቤት ይከራዩት።»

ባለሱቁ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጄ፤ የደመርኸው ልክ ነው፤ አልዋሸህም» አሉ። «ነገር ግን የሸጥሁበትን ብር ይዤ ከጅምላ ሻጩ ዘንድ ስሄድ፥ የአምናውን ያህል ዕቃ አይሞላልኝም። አምና መደርደሪያው አልበቃ ብሎኝ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር እከት ነበር፤ ዘንድሮ ላይኛው መደርደሪያ ባዶውን ነው። ንግዴ አድጎ ከሆነ ዕቃዬ ስለ ምን አነሰ?» ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው «እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

እንግዲህ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ልጁ ከተሳሳተ አጎቱ መክፈል የማይችሉት የብድር ዕዳ ውስጥ ይገባሉ፤ አጎቱ ከተሳሳቱ ደግሞ የመጣ ዕድል ያመልጣቸዋል። ይህንኑ ጥያቄ በሰፊው ካየነው የአንድ ሱቅ ብቻ ሳይሆን የአንድ አገር ጥያቄ ነው። የወሩ ሽያጭ ሲጨምር ሕዝቡ የበለጠ ዕቃ ገዛ ማለት ነውን? ወይስ ለዚያው ዕቃ የበለጠ ብር ከፈለ?

ሌሎች አገሮች እንዴት ይቈጥራሉ?

በአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ መሥሪያ ቤት የችርቻሮ ንግድን በየወሩ መመርመር የጀመረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1951 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉንም ሱቅ አይጠይቅም፤ ከትልልቆቹም ከትንንሾቹም የተወሰኑትን መርጦ «በዚህ ወር ስንት ሸጣችሁ?» ይላቸዋል። ከመልሳቸውም የአገሩን ጠቅላላ ሽያጭ ይገምታል። ወሩ ባለቀ በሁለት ሳምንት ገደማ የመጀመሪያው ቍጥር ይታወጃል፤ ዘግይቶ የመጣው መልስ ሲጨመርበትም ይታረማል። ቍጥሩ በወጣበት ቀን ነጋዴውም፣ ባንኩም፣ መንግሥቱም ጆሮውን ያቆማል፤ ሕዝቡ ኪሱን ከፍቶ እንደ ሆነ ወይም ዘግቶ እንደ ሆነ ከዚያ ያነባልና።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ያ በየወሩ የሚታወጀው የአሜሪካ ቍጥር ለበዓላትና ለወቅቶች ልዩነት ይታረማል፤ ለዋጋ መጨመር ግን አይታረምም። ስለዚህ የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ወር፥ አሽከርካሪው አንድ ሊትር እንኳ ሳይጨምር የማደያዎቹ ሽያጭ ከፍ ብሎ ይታያል። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ሁለት ቍጥር ያወጣል። አንደኛው የተሸጠበት ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው የተሸጠው ዕቃ ብዛት ነው። ሁለቱ አብረው ሲወጡ አንባቢው አይታለልም፤ ገንዘቡ ከፍ ዕቃው ዝቅ ያለ እንደ ሆነ የሕዝቡ ኑሮ እንደ ጠበበ ወዲያው ይገባዋል።

በእኛ አገር በየወሩ ወጥቶ በጋዜጣና በራዲዮ የሚነገረው የሸማቾች ዋጋ መግለጫ ነው። ይህንን የሚያወጣው ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው፥ አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። መግለጫው የሚነግረን ዕቃ ስንት እንደ ተሸጠ ሳይሆን የዕቃው ዋጋ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ነው። ይህ ጕድለት አይደለም፤ እንዲያውም ባለሱቁ የሚፈልጉት መክፈቻ ይኸው ነው። የሽያጩ ብር በእጃቸው አለ፤ የጐደላቸው ዋጋውን ከውስጡ የማውጣት ዘዴ ነው።

አምስት ዕቃና አንድ ደብተር

ስለዚህ ከባለሱቁና ከልጁ ጋር ሆነን የሁለቱን ዓመት የጅምላ ደረሰኞች ከሣጥን አወጣን። የአምናው ታኅሣሥ ስንት ሳሙና፣ ስንት ኪሎ ስኳር፣ ስንት ሊትር ዘይት፣ ስንት እሽግ ፓስታ፣ ስንት ደብተር እንደ ተሸጠ ጻፍን፤ የሱቁ ሽያጭ አብዛኛው ከነዚህ ነውና። ቀጥሎም ልጁን እንዲህ አልሁት፤ «አጎትህ ዘንድሮ ልክ የአምናውን ያህል ዕቃ ቢሸጡ ኖሮ፥ በዘንድሮው ዋጋ ስንት ብር ይገባቸው ነበር?»

ልጁ አሰላ፤ ለንባብ እንዲቀል አጠጋግቼ ስናገር 225,000 ብር ሆነ። የገባው ግን 216,000 ብር ነው። እንግዲህ 9,000 ብር ይጐድላል ማለት ነው፤ ይህም ከ225,000 ውስጥ ሲታይ ከመቶ 4 ነው። ዋጋው ከመቶ 25 ጨምሯል፤ ብሩ ከመቶ 20 ጨምሯል፤ ዕቃው ግን ከመቶ 4 ቀንሷል። ልጁ ደብተሩን ደጋግሞ አየና ዝም አለ። አጎቱም «መደርደሪያዬ አልዋሸም» ብለው ፈገግ አሉ።

ይህ ስሌት በአገራችን ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2014 ዓ.ም. የኑሮ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከመቶ ከ30 በላይ ጨምሮ ነበር። በዚያ ዘመን ሽያጩ በብር ከመቶ 30 ያደገለት ነጋዴ፥ በእውነቱ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። እንደዚሁም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የነሐሴን ሽያጭ ከሰኔው ጋር ቢያነጻጽር፥ የሚያየው የንግዱን ዕድገት ሳይሆን የብሩን መድከም ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው፥ በአሮጌ ዋጋ የገዛውን ዕቃ በአሮጌ ትርፍ እየሸጠ «አተረፍሁ» የሚለው ነጋዴ ነው። ሳሙናውን በ40 ብር ገዝቶ በ46 ይሸጠዋል እንበል፤ ስድስት ብር አተረፈ። ነገር ግን መልሶ ሊገዛ ሲሄድ ሳሙናው 50 ብር ገብቷል። ያ ሰው አላተረፈም፤ ከካፒታሉ ላይ አራት ብር በላ። ሳያውቀው ሱቁን በቁራሽ በቁራሽ እየሸጠ ነው።

ወር ሁሉ እኩል አይደለም

ከዋጋው ቀጥሎ የሚያሳስተን ዘመን አቈጣጠሩ ነው። በእኛ ቈጠራ ከጳጕሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ እኩል ይመስለናል። ነገር ግን 30 ቀን አራት ሳምንትና ሁለት ቀን ነው። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ዕለታት አምስት አምስት ጊዜ ይመጣሉ፤ የቀሩት አራት አራት ጊዜ ነው። በይፋት እንደ ታወቀው ሰንበቴ የእሑድ ገበያ ነው። ወሩ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከባተ ሰንበቴ አምስት ጊዜ ትቆማለች፤ በሌላ ቀን ከባተ አራት ጊዜ ብቻ ነው። ከአራት ወደ አምስት ማለት ከመቶ 25 ጭማሪ ነው። ማንም ሰው አንዲት ሳንቲም ጨምሮ ሳያወጣ፥ የወሩ ሽያጭ በሩብ ያህል ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። «ባለፈው ወር ንግዱ ደመቀ» ከማለታችን በፊት ገበያው ስንት ጊዜ እንደ ቆመ መቍጠር ይገባናል ማለት ነው።

ደግሞም ጾሙና በዓሉ አለ። ይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር ነው፤ ቅቤው፣ ሥጋው፣ ዘይቱ፣ ቴምሩ፣ ልብሱ ሁሉ ከሁለቱ ጾሞች ጋር ይወጣል ይወርዳል። በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፥ መጋቢት 2 ቀን ገቡ። ስለዚህ ከሁለቱ ጾሞች አንዱም በየካቲት አልገባም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ቀን ገቡ። እንግዲህ ሥጋ ሻጩ የ2017ን የካቲት ከ2016ቱ የካቲት ጋር አነጻጽሮ «ንግዴ ወደቀ» ቢል ተሳስቷል፤ የወደቀው ንግዱ ሳይሆን ጾሙ ቀደም ብሎ መግባቱ ነው። ፋሲካው ራሱ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ቀን ነው የዋለው። እንዲህ ላለው ጊዜ የሚሻለው ሁለቱን ወይም ሦስቱን ወር አንድ ላይ ደምሮ፥ ካለፈው ዓመት ድምር ጋር ማስተያየት ነው።

የእርሻውንም ነገር አትርሱ። በቈላው ማሽላና ማሾ ተሰብስቦ ገበሬው ብር በሚይዝበት ወራት፥ ባለሱቁ ልብስና ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ክረምት ሲገባና ጐተራው ሲራቆት ጨውና ሳሙና እንኳ በዱቤ ይሄዳል። የሐምሌን ሽያጭ ከጥር ጋር አስተያይቶ ማልቀስ፥ ክረምት ላይ ቆሞ ፀሐይ ጠፋች እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ወር የሚነጻጸረው ካለፈው ወር ጋር ሳይሆን ከአምናው መሰሉ ጋር ነው። የእኛም ታኅሣሥ ከታኅሣሥ ጋር የተስተያየው ለዚህ ነው፤ በሁለቱም ጾመ ነቢያት ነበረ፤ በሁለቱም የገና ገበያ ነበረ፤ የገበያውም ቀን በሁለቱም አራት አራት ጊዜ ነበረ።

ነገር ግን የአምናው ወር ራሱ የታመመ እንደ ሆነስ? ይህ ለይፋት ሰው እንግዳ ጥያቄ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። ሱቁ በተዘጋበትና መንገዱ በተቋረጠበት ወር ላይ ቆሞ የሚቀጥለውን ዓመት ወር የሚለካ ሰው፥ ሽያጩ ሁለት እጥፍ ሦስት እጥፍ አደገ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቍጥሩ ውሸት አይሆንም፤ ትርጕሙ ግን ውሸት ይሆናል። ከወደቀበት የተነሣ ሰውና ረዥም የሆነ ሰው አንድ አይደሉም። እንዲህ ሲሆን መለኪያው ከመከራው በፊት የነበረው ደኅና ዓመት መሆን አለበት።

ሽያጭ ሁሉ የደስታ አይደለም

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። ዋጋውንም አውጥተን፣ ወቅቱንም አስተካክለን፣ የዕቃው ብዛት በእርግጥ ጨምሮ ቢገኝስ? ያን ጊዜም ቢሆን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ሻጩ ለምን ሸጠ?

ድርቅ በሚመጣበት ጊዜ የከብት ገበያ ይሞላል። ገበሬው ሳሩ ሲደርቅና ጐተራው ሲጐድል በሬውን ይነዳል፤ ጎረቤቱም እንደዚሁ ይነዳል። ገበያው ከብት በከብት ይሆናል፤ የበሬው ዋጋ ይወድቃል፤ የእህሉ ዋጋ ይወጣል። በወረቀት ላይ ብቻ ለሚያይ ሰው የከብት ሽያጭ በብዛት አድጓል። በእውነቱ ግን ያ የሚያርስ በሬ የሚመጣው ዓመት እርሻ ነበር። ከማጀቴ አጠገብ ያለው የአንጾኪያ ሸለቆ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የዕርዳታ ጣቢያ የተተከለበትና ብዙ ሕዝብ የተሰበሰበበት ስፍራ ነው፤ ያገሩ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ገበያ ያውቁታል።

ከይፋት በስተ ሰሜን ባለው በወሎ በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብም ለዚህ ታላቅ ምስክር ነው። በኋላ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው የሕንድ ተወላጅ የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ነገሩን መርምሮ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ እንዳመለከተው፥ በዚያ ጊዜ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል ከፍ አላለም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የሚወጣ እህል ነበር። ታዲያ ሰው ስለ ምን ተራበ? ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋበት የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚገዛበትም አብሮ ጠፋበት። ገዢ የሌለው ረሃብ በገበያ ዋጋ ላይ አይጮህም። ዋጋውን ብቻ ያየ ባለሥልጣን «ገበያው ደኅና ነው» ብሎ ሊተኛ ይችላል። ለዚህ ነው የዋጋው ቍጥር ብቻውን የማይበቃው፤ የተሸጠውም ብዛት፣ የገዢውና የሻጩም ሁኔታ አብሮ መታወቅ ያለበት።

በስልክ የሚሸጠውስ?

በዚህ ዘመን ደግሞ ገበያው ከሱቁና ከጕልቱ አልፎ በስልክ ውስጥ ገብቷል። ባለሱቁ ይህን ስነግራቸው ወደ እኅታቸው ልጅ እግር ጠቁመው «ይኸው ምስክሩ!» አሉ። ልጁ ያደረገው ጫማ በቴሌግራም ሥዕሉን አይቶ ከአዲስ አበባ ያዘዘው ነው፤ ገንዘቡን በቴሌብር ላከ፤ ጫማው በአውቶቡስ መጣለት። እንግዲህ ይህ ጫማ የተሸጠው የት ነው? ገዢው ማጀቴ፣ ሻጩ አዲስ አበባ ነው። የማጀቴ ጫማ ነጋዴ አንድ ገዢ አጣ፤ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ የንግድ ፈቃድ ከሌለውና ደረሰኝ ካልቈረጠ ግን ሽያጩ በማንም መዝገብ ላይ አይወርድም።

በአሜሪካ በአውሮፓውያን 2024 ዓመት ከመቶ ብር የችርቻሮ ሽያጭ 16 ብር ያህሉ በኢንተርኔት የተደረገ ነው። በእንግሊዝ በ2021 መጀመሪያ፥ ሱቆች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ሳለ፥ የኢንተርኔቱ ድርሻ ከሢሶ አልፎ ነበር፤ ሱቆቹ ሲከፈቱ ወደ ሩብ ገደማ ተመለሰ። በእኛም አገር መንገዱ ተከፍቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. የተመዘገቡበት ሰዎች ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል።

ነገር ግን አደራችሁን፥ በስልክ የተዘዋወረውን ገንዘብ ሁሉ ሽያጭ ነው እንዳትሉ። ልጅ ለእናቱ የላከው ብር ሽያጭ አይደለም። ባለሱቁ ለጅምላ ሻጩ የከፈሉትም የጅምላ እንጂ የችርቻሮ ሽያጭ አይደለም። ያው አንድ ሳሙና ከፋብሪካው እስከ ገዢው እጅ ሦስት አራት ጊዜ ገንዘብ ያዘዋውራል፤ ሁሉንም የደመረ ሰው አንዱን ሳሙና አራት አድርጎ ቈጠረ። ደግሞም ቀድሞ በጥሬ ብር ይከፈል የነበረው ወደ ስልክ ቢዞር የስልኩ ቍጥር ያድጋል እንጂ ንግዱ አላደገም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲያ በኢንተርኔት የሚደረገው ግብይት ሲጨምር የምናየው፥ ከፊሉ የመስመሩ መመለስ ነው።

የታክሱ መዝገብም ቢሆን እንዲሁ በጥንቃቄ የሚነበብ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰበሰበው ከመቶ 15 ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለ ንግዱ ብዙ ይነግረናል። ነገር ግን የጕልት ሻጭዋን፣ ትንሹን የሰፈር ሱቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚቆመውን ገበያ አይነግረንም፤ የዋጋው መጨመርም በውስጡ ተቀላቅሏል። በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ አገር ባለሀብቶች ስለ ተፈቀደ፥ ወደ ፊት ትልልቅ መደብሮች ሲበዙ በመዝገብ የሚታየው ሽያጭ መጨመሩ አይቀርም። ያን ጊዜም ከትንሹ ሱቅ ወደ ትልቁ የዞረውን ሽያጭ አዲስ ሽያጭ ነው እንዳንለው መጠንቀቅ ነው።

የእናንተ ድርሻ

ውድ አንባቢ ሆይ! ይህን ሁሉ ያልሁት ለሊቃውንቱ ብቻ ቢሆን በዚህ ገጽ አልጽፈውም ነበር። ነገር ግን የወረዳውን የሦስት ወር ሪፖርት የሚጽፈው ማን ነው? ሚኒስትሩ አይደለም፤ ከእናንተ መካከል አንዱ ጀማሪ ጸሐፊ ነው። «ንግድ ከመቶ 20 አድጓል» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ከእናንተ ጠረጴዛ ተነሥታ፥ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ስትሄድ ማንም አይመልሳትም። በርሷ ላይ ግብር ይጣላል፤ በርሷ ላይ ብድር ይፈቀዳል፤ በርሷም ምክንያት የተቸገረ አገር «ደኅና ነው» ይባላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቍጥር በእጃችሁ ሲገባ አራት ነገር ጠይቁ። ዋጋው ስንት ጨመረ? ወሩ ከመሰሉ ወር ጋር ነውን የተነጻጸረው? ሰውየው የሸጠው ተርፎት ነው ወይስ ቸግሮት? አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ አልተቈጠረምን?

ተማሪዎች ደግሞ ይህንን በእጃችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ከሰፈራችሁ ባለሱቅ ጋር ተስማምታችሁ አምስት ዕቃ ምረጡ፤ ወር በገባ በአሥረኛው ቀን ዋጋውን፣ ወሩም ሲያልቅ የተሸጠውን ብዛት ጻፉ። የገበያውን ቀን ብዛት፣ ጾሙንና በዓሉን ከጐኑ አስፍሩ። አንድ ዓመት ከታገሣችሁ በእጃችሁ ያለው ደብተር ከብዙ ወሬ ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ሱቅ አንድ ከተማ አለመሆኑን አትርሱ፤ ቢያንስ አሥር ሱቅ ሳታዩ ስለ ከተማው አትናገሩ።

የደመወዝተኛውንም ነገር በአንድ ቃል ልንካ። ዱቤ ስትወስዱ ባለሱቁ የሚጽፍላችሁ በዛሬው ዋጋ ነው። ወሩ ሲያልቅ ብትከፍሉት እርሱም ዕቃውን ይተካል፤ ሦስት ወር ብታቈዩት ግን የምትመልሱለት ብር ያንን ዕቃ አይገዛለትም። ዋጋ በሚጨምርበት ዘመን የዘገየ ዱቤ ከባለሱቁ መደርደሪያ ላይ የተወሰደ ስጦታ ነው፤ እርሱ ግን እሰጣለሁ አላለም።

ወደ ማጀቴው ሱቅ ልመለስና ልጨርስ። ባለሱቁ ጐረቤቱን ቤት አልተከራዩም፤ ብድሩንም ለጊዜው ተዉት። በዚያ ፈንታ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕቃውን መሸጫ የሚወስኑት አምና በገዙበት ሳይሆን ነገ መልሰው በሚገዙበት ዋጋ ሆነ፤ ዱቤውንም ከአንድ ወር እንዳያልፍ ወሰኑ። ለዕድገቱ የሚመጣውን ታኅሣሥ ይጠብቃሉ። «ዕቃው በብዛት ከጨመረ ያን ጊዜ ቤቱን እከራያለሁ፤ ብሩ ብቻ ከጨመረ ግን ቤቱ ይቅርብኝ» አሉኝ።

የእኅታቸው ልጅም በመሥሪያ ቤቱ ሊያቀርብ ያዘጋጀው ሪፖርት በቦርሳው ውስጥ ነበረና አወጣው። በውስጡም «በከተማዋ ያለው የችርቻሮ ንግድ ከፍተኛ ዕድገት አሳይቷል» የሚል ነበረበት። ከስንት ሱቅ ጠይቆ እንደ ጻፈው ጠየቅሁት። «ከአጎቴ ሱቅና ከሌሎች ሁለት» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዐረፍተ ነገሩን ሰረዘና ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «በተጠየቁት ሦስት ሱቆች ሽያጭ በብር ጨምሯል፤ በአንደኛው ሱቅ የዕቃው ብዛት ተቈጥሮ ከመቶ 4 ቀንሶ ተገኝቷል፤ የቀሩት ሁለቱ ገና ይቈጠራሉ።»

አጎቱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና «አጠረ፤ ግን እውነት ሆነ» አሉ።